ታሪክ ተምረሽ ምን ሠራሽበት?

ታሪክ ተምሬ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ደሴ ውስጥ፣ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ፣ ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ አሮጌ ፕሪንተርና ለባለጉዳይ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉኝ። ክስ እጽፋለሁ። መልስ እጽፋለሁ። ይግባኝ፣ የወራሽነት ማመልከቻ፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የድንበር ክርክር፣ ሲገኝ የእድር ደብዳቤም እጽፋለሁ። ዲግሪ እንዳለኝ የሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ታሪክ ተምረሽ ምን ሠራሽበት?»

ባለጉዳይ ሲጠይቀኝ ስቄ አልፋለሁ። ወንድሜ ሲጠይቀኝ ግን ይከነክነኛል። እሱ ሲቪል ኢንጂነር ነው። መንገድ ይሠራል፤ በሠራው ላይ መኪና ይሄዳል፤ አለቀ። ለፋሲካ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ጨዋታው ወደዚሁ ዞረ። «እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ» አለኝ፤ «ይሄ ሂዩማኒቲስ የምትሉት ነገር ነገ ከየዩኒቨርሲቲው ቢወጣ ምን ይጎድላል?» አክስቴ «አብሽሪ፣ ሊያበሽቅሽ ነው» አለችኝ። ቡናው ቀረበ፣ ወሬውም ስለ ጤፍ ዋጋ ሆነ። መልሴ ግን ይኸው። ረዘም ይላል፤ ወንድሜ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ አይወድም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሰባ ሠላሳ ዘመን ነው። ለረሳው ሰው፦ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ (ያው ወንድሜ ሂዩማኒቲስ ያለው) ይማር ብሎ ነበር። ሠላሳው ውስጥም ደረጃ አለ። ሕግ፣ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ ከላይ ናቸው። ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍና ሌላው ያልደረሰው ሰው የሚመደብባቸው ናቸው። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይውሰድ ተባለ። እሰየው ስንል ተማሪው ራሱ ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ታሪክን በመጀመሪያ ምርጫው የሚሞላ ስንት ይገኛል? አንዳንድ የማውቃቸው መምህራን ትምህርት ክፍላቸው ስሙ እንጂ ተማሪ የለውም ይላሉ።

ይሄን ሁሉ ስሰማ ከማዝነው በላይ የምናደደው በራሳችን ጠበቆች ነው። ሥነ ሰብእን የሚከላከል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሁለት ነገር ነው። ወይ «ባህላችን ይጠበቃል፣ ቱሪስት ይመጣል» ይላል፤ ወይ «ሰብአዊነትን ያስተምራል፣ ሩኅሩኅ ያደርጋል» ይላል። የመጀመሪያውን ለቱሪዝም ቢሮ ትቼዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የወሎ ልጅ ነኛ!

እኛ ወሎዎች በዚህ ነገር ተወድሰን አንጠግብም። «ወሎ ፍቅር ነው።» «የመቻቻል ተምሳሌት።» መድረክ ላይ ቄስና ሼህ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ውሸት አይደለም። የእናቴ ታላቅ እህት ሙስሊም ነው ያገባችው። ዓመት በዓል ሲመጣ ሁለት ዓይነት ሥጋ ሁለት ድስት ላይ የሚሠራበት ቤት ነው ያደግኩት። ባለጉዳዩ የእስልምና፣ አባቱ የክርስትና፣ አያቱ እንደገና የእስልምና ስም ያለበትን ክስ መጻፍ ለእኔ ተራ ሥራ ነው። ፍቅር ስለሆንን አንካሰስም ማለት ግን አይደለም። እንደዚያ ቢሆን እኔ ምን እበላ ነበር?

መፈክሩ የሚዘለው ነገር አለ። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። የክርስቲያኖቹ የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ተዘጋ። የወሎ ሙስሊም ደግሞ ተጠመቅ ተባለ። የወሎው ገዢ ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፤ ክርስትና ያነሷቸውም ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እምቢ ያሉም ነበሩ፤ ሼህ ጦልሃ አመፁ። ቀን ተጠምቀው ሌሊት ቤታቸው የሚሰግዱም ነበሩ።

ይሄን ያወቀ ሰው የአክስቴን ቤት ሲያይ ሌላ ነገር ነው የሚያየው። እነዚያ ሁለት ድስቶች ከመሬት በቅለው አይደለም። ለመቀያየም በቂ ምክንያት የነበራቸው ሰዎች፣ አያቶቻቸው የደረሰባቸውን እያወቁ፣ አብረው ለመብላት ተደራድረው ነው። ማን ያርዳል፣ ማን ይባርካል፣ ልጅ ሲወለድ ስም ማን ያወጣል፣ ሁሉም ክርክር ነበረበት። «ወሎ ፍቅር ነው» ስንል ያን ሁሉ ድካም ከእጃቸው እንነጥቃለን። እንደ አየር ንብረት እናደርገዋለን። አየር ንብረት ደግሞ ሲለወጥ ማንም አይጠየቅም።

ስለዚህ ዘመን የማውቀውን ያወቅኩት ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ስለለፋበት ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የጻፉት በስሜት አልነበረም። በወሎ የታወቁትን የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ የነጀማ ንጉሥን፣ የነዳናን፣ የነጌታን መሻይኾች (ሼኾች) ታሪክ ከኪታብም ከሰው አፍም ለቀሙ። አንዱን ከሌላው አመሳከሩ። የማይጣጣመውን አይጣጣምም አሉ። እኔ ሥነ ሰብእ ስል የማስበው ይሄን ዓይነት ሥራ ነው፤ ሙያ ነው። እንደ ማንኛውም ሙያ ደግሞ የሚለመደው የሚያርም ሰው ፊት በመቀመጥ ነው።

የእናቴ አጎት በልጅነታቸው ዋድላ ወርደው ቅኔ ቆጥረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገሉ። ሲያወሩልኝ ግን ስለ ረሃቡ ብዙም አይሉም፤ ስለ ማስነገሩ ነው። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ጧት የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል። የኔታ ይሰሙና ያፈርሱበታል። «ሰሙ አለ፤ ወርቁስ የታለ?» ይሉታል። ልጁ ሊያለቅስ ይችላል፤ ነገ ግን ሌላ ጉባኤ ቃና ይዞ ይመጣል። «የሚያስፈራው መገሠጹ አይደለም» ይሉኝ ነበር አጎታችን፤ «የሚያስፈራው የኔታ ዝም ያሉህ ቀን ነው። ተስፋ ቆርጠውብሃል ማለት ነው።»

በአክስቴ ባል በኩል ደግሞ ደረሳ የነበሩ አሉ። ነህው ለመማር፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው፣ ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው አገር ለአገር ዞረዋል። ሼኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን መስመር በመስመር ማንበብ ነው። የአንዲት ቃል መድረሻ ከተሳተች አድራጊው ተደራጊ ስለሚሆን ወደ ኋላ ትመለሳለህ። የሁለቱም ቤት ተማሪ ጉርሱን የሚያገኘው ከመንደሩ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ የሰው ልጅ ሰዋስው እንዲማር ይሰጥ ነበር። ወንድሜ «ለጽድቅ ብሎ ነው» ይለኛል። ይሁን። ለጽድቅ የሚሆን መስሎ የታየው ነገር ሰዋስው መሆኑ ግን ያስገርመኛል።

ሂዩማኒዝም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን «ሰው የሁሉ ማዕከል ነው» የሚል ትልቅ አዋጅ ነው። ሂዩማኒስት የተባሉት የ14ኛውና የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያኖች የዕለት ሥራ ግን ከአዋጅ ይልቅ ለዋድላና ለዳና ይቀርብ ነበር። ሰዋስው፣ ንግግር፣ ግጥም፣ ታሪክና ሥነ ምግባር ያስተምራሉ። የተረሳ መጽሐፍ ያስሳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ቅጂን ከቅጂ ያመሳክራሉ። ጣልያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ በ1345 እ.ኤ.አ. ቬሮና ውስጥ የጥንቱን ሮማዊ ተናጋሪ የሲሴሮን ደብዳቤዎች አገኘ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያከብረው ሰው ነበር። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ያገኘው ግን ከፖለቲከኛ ጋር የሚነታረክ፣ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ የሚወላውል ሰው ሆነበት። ታዲያ ምን አደረገ? ከሞተ ወደ 1,400 ዓመት ገደማ ለሆነው ሰው የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈለት! ስሙን እየጠራ ምን ነካህ አለው። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው። የሞተን ሊቅ ሥዕል ሰቅሎ መሳለም ቀላል ነው። መውቀስ ግን በደንብ ማንበብን ይጠይቃል።

«ከአውሮፓ የመጣ ነው» የሚለውም ወሬ ግማሽ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ያኔ አምሐራ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር ነው። በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ግእዝ ከመጽሐፍ ከተማረ ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። በ1652 ጀርመን ውስጥ ጎታ ከተማ ወደ መስፍኑ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄዱ። እዚያ ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ቋንቋው። እሱ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተባለ። አባ ጎርጎርዮስ አንዱንም አላዩትም፤ በ1658 ባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ለሉዶልፍ የኔታው ማን እንደነበሩ አገሬ ላይ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው አላገኝም። በስማቸው የተሰየመ ካፌ እንኳ አላየሁም፤ ደሴ ደግሞ ለካፌ ስም አትሰስትም።

አሁን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ያንቀኛል። በዋድላም በሉ በዳና በፍሎረንስም፣ እንደ እኔ ላለች ሴት ወንበሩ ጠባብ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ዛሬም ሴት አትገባም። ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጋር ሄደን ነበር። ወንዶቹ ገብተው ብራናውን አዩ፤ እኛ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ በላን። ዓሣው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ጎጃም ላይ እማሆይ ገላነሽን የመሰሉ የቅኔ መምህር መነሳታቸው ደግሞ በሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ እንዳልተቆለፈ ያሳያል። «የሰው ልጅ» ሲባል ማን ተቆጠረ፣ ማን ደጅ ቀረ ብሎ መጠየቅም የዚሁ ሙያ ሥራ ነው። ካልጠየቅን ሂዩማኒዝም የጥቂት ወንዶች ማኅበር ሆኖ ይቀራል።

ወሎ ከፍቅር ሌላ በምን ትታወቃለች? በረሃብ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. አገሩ ሲያልቅ አዲስ አበባ ሪፖርት አልጠፋም ነበር። ሪፖርቱ ከመሳቢያ አልወጣም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ፎቶ ይዘው ተመለሱና ለሕዝብ አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም አለቀሰ፣ ገንዘብ አዋጣ። ከዚያ ምን ሆነ? ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ቆራርጦ ቀጥሎ አሳየ። አዲስ አበባ አለቀሰች። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ያው ደርግ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ እንደገና እየተራቡ እንደሆነ እንዲወራ አልፈለገም።

ርኅራኄው እውነት ነበር። ያለቀሰውን ሰው አልወቅስም። ግን ርኅራኄን ማንም መቁረጫና መቀጠያ ያለው ሰው ወደፈለገበት ሊነዳው ይችላል። ይሄን ፊልም ማን ቆረጠው? ከምን ጋር ቀጠለው? የትኛውን አወጣ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የጎደለው። በነዚያ ምስሎች ላይ ያሉት የእኔ አገር ሰዎች ደግሞ አንዳቸውም ስም የላቸውም። አስተያየትም የሌላቸው ነው የሚመስሉት። ተመራማሪው ፈቃደ አዘዘ ሰሜን ሸዋ ወርዶ ገበሬው ራሱ ስለ ረሃቡ የገጠመውን ግጥም ሰብስቦ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ የተራበ ሰው ፈጣሪውንም ገዢውንም ሲሞግት እንደነበር ታየ። እርዳታ ጫኙ መኪና ይሄን ጭኖ አይመጣም።

ወንድሜ ራሱ ከዚህ ጋር ተጋጭቷል። ከደሴ ወደ ሰሜን አንድ ገጠር መንገድ ሲሠራ፣ መስመሩ አንድ ጉብታ ላይ ደረሰና መንደሩ ማሽኑን አቆመ። ካሳው ተከፍሏል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ጉብታው የማንም ይዞታ አይደለም፤ ስለዚህ ካሳ የሚቀበልለትም የለም። «ምንም የሌለበት ባዶ መሬት ላይ ሠራተኛ ቆሞብኛል፣ እስቲ ነይና አነጋግሪያቸው» ብሎ ደወለልኝ። ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ቡና አፈሉልኝ። በ77 ከሌላ አገር ሲመጡ መንገድ ላይ የወደቁ ሰዎች ናቸው እዚያ ያረፉት። ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ዘመድ መጥቶ አልጠየቀም። እስላም ይሁኑ ክርስቲያን ስላልታወቀ ሼኹም ቄሱም ጸልየውላቸው ነበር። «ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱ ያረፈበት አገር ነው» አሉኝ አንድ አባት። የካሳው ሕግ ለባለቤት ነው፤ ለነዚህ ባለቤት የለም፤ መንደሩ ግን ባለቤት ነኝ አለ። ይሄ በወንድሜ ካርታ ላይ ምልክት የለውም። መስመሩን ጥቂት ሜትር ገፋው። እስከ ዛሬ ስለ ጨመረው አፈርና ስለ ጠፋው ጊዜ ያማርራል። ግን ገፋው።

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴ ሲደርስ ሙዚየማችን ተዘረፈ። የሰው ቤትም እንዲሁ። ሰላም ሲሆን ባለጉዳይ ሁሉ የወደመና የተዘረፈ ንብረት ሊያስጽፍ ወደ እኔ መጣ። ቅጹ የንብረት ዓይነት፣ ብዛት፣ ግምት በብር ይላል። ቴሌቪዥን አንድ፣ ይህን ያህል ብር። በሬ ሁለት፣ ይህን ያህል ብር። አንድ አዛውንት የአባታቸው ደብተር አለበት የነበረ ሣጥን ተሰብሮባቸዋል። አባትየው በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የጻፉት መንዙማ ነው። «ስንት ልበለው አባባ?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ የተማርሽው አንቺ» አሉኝ። «ዋጋ ሊተመንለት የማይችል» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ተመለሰ፤ ቁጥር ያስፈልጋል ተባልን። በመጨረሻ «የአንድ ሙክት ዋጋ በይው በቃ» አሉና ሳቁ። ጻፍኩ። ከመሄዳቸው በፊት ግን የሚያስታውሱትን እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። ጀመሩ። ወረፋ የያዙት ሰዎች መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ከዚያ አንዷ ሴትዮ ተቀባይ ሆና አረፈችው። እኔም የቻልኩትን ያህል በላፕቶፑ ለቀምኩ። ቅጂውን አተምኩላቸው፤ አንዱ ፋይል እኔ ዘንድ አለ። ለእሱ ቅጽ የለውም።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። «ራፖር ጸሐፊ አበቃለት» ይሉኛል ልጆቹ። ክሱን በስልካቸው አስጽፈው ይመጡና «ፕሪንት ብቻ» ይላሉ። አማርኛው አንዳንዴ ይንሻፈፋል እንጂ የሚያምርበትም ጊዜ አለ። አንዲት እናት ከኩታበር በኩል የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። የድንበር ክርክር ነው፤ ይግባኝ። ልጁ ያስጻፈው ወረቀት «የአመልካች ሕጋዊ የይዞታ መብት ሆን ተብሎ በተደጋጋሚ በተፈጸመ ተግባር ተጥሷል» ይላል። ለማንም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ለእሳቸው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፀጥ ብለው ሰሙኝና «ይሄ የማን ጉዳይ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው እኮ እማማ።»

«ታዲያ ኮሶዋን የት ጣላት?»

ልጁ ደነገጠ። ኮሶ ዛፍ ድንበሩ ላይ አለች። «ማን ተከላት?» አልኳቸው። የባላቸው ወንድም። መቼ? መሬቱን ሲካፈሉ፣ ለምልክት። የባላቸው ወንድም ማን ነው? የተከሳሹ አባት። እንግዲህ ድንበሩ የት እንደሆነ የመሰከረው የባላንጣቸው የገዛ አባት ነው፤ ምስክርነቱም እስከ ዛሬ ቅጠል ያወጣል። ይሄ ነገር ከመጀመሪያው ክስ ጀምሮ አንድም ወረቀት ላይ የለም። ጠያቂ አልነበረማ። ማሽኑ ልጁ የነገረውን ጻፈ። ልጁ ጉዳዩን የሚያውቅ መሰለው፤ አያቱን አልጠየቀም። ይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ ማስገባት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ጠበቃ እንዲያዩ መከርኳቸው። ጉዳዩ ገና ቀጠሮ ላይ ነው።

ታሪክ ክፍል ውስጥ የለመድኩት ይሄን ነው። ማን ነገሠ፣ መቼ ሞተ የሚለው አሁን ከስልክ ይገኛል። የማይገኘው ይሄን ማን አለ፣ ሲል ምን ይጠቀማል፣ ዝም ያለው ማን ነው፣ ዛፏን ማን ተከለ የሚለው ጥያቄ ነው። ወንድሜ ምን ይጎድላል ብሎኛል። ነገ ምንም አይጎድልም። ክስ ይጻፋል፣ መንገድ ይሠራል፣ መፈክር ይሰቀላል። የሚጎድለው የተጻፈው ለባለቤቱ ሲነበብለት «ይሄ የማን ጉዳይ ነው?» የሚል ሰው እንዳለ የሚጠብቅ ጸሐፊ ነው።

በቅርቡ ረዳት ቀጥሬአለሁ። 12ኛ ክፍል ፈተና ያልመጣላት ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ጆሮዋ ይቀራታል። አንድ ሕግ አውጥቼባታለሁ። የጻፈችውን ሁሉ ከማተሟ በፊት ለባለጉዳዩ ጮክ ብላ ታነባለች። ጊዜ ይበላል ብላ ትነጫነጫለች፤ ልክ ናት፣ ይበላል። ትናንት ከመርሳ በኩል የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ የውርስ ጉዳይ። አነበበችላቸው። «እንደሱ አላልሁም» አሉ። አስተካከለችና እንደገና አነበበች። «እሱንም አላልሁም።» ፍርድ ቤቱ ለምሳ ሊዘጋ ነው፤ ወረፋው አጥሩ ጋ ደርሷል። ልጅቷ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች። እኔ ወደ ፕሪንተሩ ዞርኩ።

«እሺ አባባ» አለች በመጨረሻ፣ «ታዲያ እንዴት ነበር ያሉት?»

ሰውየው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርገው ከወንድማቸው ሠርግ ጀመሩ።